ያልተከፈተው ዕጣ

ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመብራት ሲመረምር ቆይቶ፣ «ስንት ዓመት ነው የጮኹት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልጮኽኩም፤ ሂሳብ ነው ያስተማርኩት።»

«ክፍሉ ስንት ተማሪ ነበረው?»

«ስልሳ። ሲበዛ ሰባ።»

«ታዲያ ያው ጩኸት ነው» አለና መድኃኒት በማዘዝ ፈንታ ሥራ እንዳቆም አዘዘኝ። እንዲህ ሆኖ ፀጉሬ ገና ግማሹ ጥቁር እያለ፣ ብዙ ማኅተም የሚፈልግ አንድ ወረቀት ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከርሜ ጡረተኛ ሆንኩ። ስለ ደመወዙ የምናገረው የለኝም፤ እሱም በነበረበት ዘመን ስለ እኔ ብዙ አልተናገረም።

የስንብቱ ዕለት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፤ የግድግዳ ሰዓትም ተሸለምኩ። የሚቸኩልበት ለሌለው ሰው ሰዓት የሚሰጥበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ እስካሁን አላገኘሁም። ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ፣ «ሂሳብ የዕውቀት ሁሉ እናት ናት። ያለ ሂሳብ ቲማቲም እንኳ መግዛት አንችልም» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ግን አላመንኩበትም። እናቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ዕድሜዋን ሙሉ ቲማቲም ገዝታለች፤ ያታለላት ነጋዴ አላውቅም። እኔ ደግሞ ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ ባለ ጉሊቶች ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው የሚበራ ሰው ነኝ። በሰሌዳ ላይ የፈታኋቸውን እኩልታዎች ከክፍል ውጭ አንድም ቀን ፈትቼ አላውቅም። ፍታልን ብሎ የለመነኝም የለም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ የጠየቁኝ ሰዎች ቢሰለፉ ከልደታ ተነሥተው ሜክሲኮ ይደርሳሉ። አንዳንዶቹ ካደጉም በኋላ አልተዉኝም። በቅርቡ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘና ታክሲው ሙሉ እንዲሰማ፣ «ቲቸር! ያ ኤክስ እስካሁን አልተገኘም?» አለኝ።

«ተገኝቶ ነበር፤ ሳይከፍል ሜክሲኮ ላይ ወረደ» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘሁት ካነበብኳቸው መጻሕፍት አይደለም፤ መጻሕፍቱን ሁሉ ወድጃቸዋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያገኘሁት ከጌጃ ሰፈር የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ጠብ ነው። ወደ ጠቡ ከመግባታችን በፊት ግን ጋሽ ይልማን ማስተዋወቅ አለብኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ አርሲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የትኛውም አስተማሪ ዝናቡን ጮኾ እንደማይበልጠው ነው። እኔ ግን እሞክር ነበር። ከዚያ ልደታ ተዛወርኩና ከጎኔ ባለው ክፍል ጋሽ ይልማ የሚባሉ፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ የሚለብሱ የሂሳብ መምህር አገኘሁ። ከእሳቸው ክፍል ድምፅ አይሰማም። ተማሪ የሌላቸው መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ገብቼ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጠመኔውን ከመጠቀማቸው በፊት ለሁለት ሰበሩት። «ረጅም ጠመኔ ይጮኻል፤ አጭር ጠመኔ ይጽፋል» አሉኝ በኋላ። «አስተማሪም እንዲሁ ነው።» ጠመኔውን በተመለከተ ምክራቸውን ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ ሌላውን በተመለከተ ጉሮሮዬን ጠይቁት። ሰሌዳ ሲያጠፉ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው፤ ብናኙ ተማሪ ላይ እንዳይበተን። የተሳሳተ መልስ ግን አያጠፉም። ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ይከቡትና፣ «ይህች ጥሩ ስሕተት ናት። ማን ይሟገትላታል?» ይላሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ይጠብቃሉ። መጠበቅ ስል አንድ ሁለት ተብሎ የሚያልፍ አይደለም። ዝምታው ሲረዝም ያማቸው መስሎኝ ከመቀመጫዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ልሞክር?» አለች። ትምህርቱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከሥራ በኋላ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች ሻይ ቤት እንቀመጥ ነበር። እዚያ ባለጉዳዮች በሙሉ ችሎት ይደግማሉ፤ ጋሽ ይልማም ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዳምጣሉ። «አየህ፣» ይሉኛል፣ «እዚህ ግቢ ሁለት ጥሩ ምስክር ያለው ይረታል፤ ደግሞም ሌላ መንገድ የለም። እኛ ክፍል ግን ሺህ ምስክር ብታመጣ ሦስት ማዕዘኑ አይሰማህም።» አንድ ተማሪ ቁጥር የት ነው የሚኖረው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ሲያዩ ቆይተው፣ «ሁለት ሰዎች ያለ ዳኛ የሚስማሙበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ነው» አሉት። በዚህ ጉዳይ ላይ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠኝ የለም። የባሰ የሰጡኝ ግን ብዙ ናቸው።

አለቆቻችን ይህን አይወዱም ነበር። አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ በትምህርት ዕቅዱ ላይ «ለዕለት ኑሮ ያለው ጥቅም» የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ጋሽ ይልማ እስክሪብቶ አውጥተው «ለመጣላት የማያበቃውን ነገር ለይቶ ማወቅ» ብለው ሞሉለት። ሱፐርቫይዘሩ አንብቦ ፈረመ። ምን እንደፈረመ የገባኝ ግን እሳቸው ጡረታ ከወጡ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሸረፋ ጎረቤቴ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። እኔ ገና በማስተምርበት ጊዜ ጌጃ ሰፈር ውስጥ በየጓሮው ይሠሩ የነበሩ አሥራ ሁለት ባለሙያዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ አንድ የጋራ ሼድም ተሰጣቸው። ሸረፋ ሊቀ መንበር ሆነ። ሼዱ አሥራ ሁለት ክፍል አለው። አንዷ በሩ ላይ ናት፤ መንገደኛ ሁሉ ያያታል። አንዷ ደግሞ ከሽንት ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ እሷን መንገደኛ ባያያትም ያሸታታል። በዕጣ እንከፋፈል አሉ። እስከዚህ ድረስ ብልህ ሰዎች ነበሩ።

ጠቡ የተነሣው መጀመሪያ ማን ያውጣ በሚለው ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልዴ ከሁሉም ይበልጣሉ። «ሽማግሌ ቆሞ ልጅ እጁን አይሰድም» አሉ። አንዱ ወጣት ብየዳ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ክብርዎት እንዳለ ነው፤ ግን ቀድሞ ያወጣ እኮ ጥሩውን ይዞ ይሄዳል» አላቸው። ፍራሽና ትራስ የሚሠሩት ወይዘሮ አስካለም፣ «እኔ የሙት ልጅ አሳዳጊ ነኝ፤ መጨረሻ ላይ ትርፍራፊ ላነሣ አልመጣሁም» አሉ። አንድ ሰው ታዲያ ማን እንደሚቀድም ራሱ በዕጣ ይለይ አለ። ሁሉም «ልክ ነው!» ብለው ወረቀት ተቀደደ። ከዚያ አንዱ፣ «የዚህንስ ዕጣ ማን ይጀምራል?» አለ።

«ለእሱም ዕጣ እንጣል!» ሲባል ሸረፋ ስብሰባውን በትኖ እኔ ቤት መጣ።

«ቲቸር፣ ሰዎቼ አብደዋል። የዕጣ ዕጣ፣ የዕጣ ዕጣ ዕጣ እያሉ ነው። እስከ ዓርብ ተከፋፍለን ካላሳወቅን ሼዱ ለሌላ ማኅበር ይተላለፋል። ወደየጓሯችን እንዳንመለስ ጓሮዎቹ ፈርሰዋል። አንተ ደግሞ ሂሳብ ታውቃለህ ይባላል።»

«ይባላል» ያላትን ዋጥኳት። ደስታዬን ልደብቅ አልችልም፦ ፈላስፎች መጨረሻ የሌለው ወደ ኋላ መሄድ እያሉ የሚጨነቁበት ነገር፣ ጌጃ ሰፈር ድረስ በእግሩ መጥቶ አሥራ ሁለት ሰው ሥራ አስፈትቷል። በማግስቱ ትንሽ ሰሌዳ ተሸክሜ ሼዱ ውስጥ ቆምኩ። የጉሮሮዬን ቅሪት ሁሉ አፈሰስኩ። መጀመሪያ የሚያወጣው ሰው የበሯን ክፍል የማግኘት ዕድሉ ከአሥራ ሁለት አንድ ነው። ሁለተኛው በሯን የሚያገኘው መጀመሪያ የፊተኛው ሲስታት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ከቀሩት አሥራ አንድ ወረቀቶች እሷን ሲመዝ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ያው ከአሥራ ሁለት አንድ። ሦስተኛውም ያው፣ መጨረሻውም ያው። መቅደም አይጠቅምም፤ መዘግየትም አይጎዳም። ያማረ ማረጋገጫ ነበር። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገብቷል?» አልኩ።

«በደንብ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ላውጣ።»

ላብ አጠመቀኝ። በቃል ያልገባው በዓይን ይግባ ብዬ አሥራ ሁለት የለስላሳ ቆርኪዎች ሰበሰብኩ፤ አንዱን ቀይ ቀባሁና ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። «ለሙከራ ነው። ጋሽ ወልዴ፣ ይጀምሩ።» እጃቸውን ሰደዱ። ቀዩን አወጡ።

«ይኸው!» አለ ብየዳ ሠራተኛው።

«አጋጣሚ ነው! እንደገና! አሁን አንተ ጀምር።» እሱም እጁን ሰደደ። ቀይ።

ይህ ነገር የሚሆነው ከመቶ አርባ አራት ሙከራ አንዴ ነው፤ አንዴዋ ያን ቀን እኔን ተደብቃ ትጠብቀኝ ኖሯል። ሼዱ በጩኸት ተሞላ። «መምህሩ ራሱ አሳየን እኮ!» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ከጋሽ ወልዴ ጋር ተመካክሬ እንደመጣሁ ለጎረቤቱ ሹክ ሲል ሰማሁት። ሰሌዳዬን ተሸክሜ ስወጣ ሸረፋ ትከሻዬን መታ አደረገና፣ «አይዞህ ቲቸር፤ ትላንት ሦስት ቦታ ተከፋፍለው ነበር፣ ዛሬ ሁለት ብቻ ሆነዋል» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ማጽናኛ ጠላቴን እንኳ አያጋጥመው። ብዙ ፈተና ወድቀው ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ፤ የሚሰማቸው ስሜት ግን የገባኝ የዚያን ዕለት ነው። ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ለማንም አልጠቀመም። አሥራ ሁለት ቤተሰብ መሥሪያ ቦታ ሊያጣ አንድ ቀን ቀርቶታል።

በዚያው ሐሙስ ከሰዓት ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለው የጋሽ ይልማ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆርኪው ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሱ።

«ማረጋገጫህ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ?»

«አላመኑኝማ!»

«እምነት ከሆነ የምትፈልገው ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ማዶ ነው» አሉና እንደ ልማዳቸው ወደ መንገዱ እያዩ ዝም አሉ። ጠበቅሁ። «ወረቀቱን የሚከፍቱት መቼ ነው?»

«እንዳወጡ ነዋ። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ያወጣ ይከፍታል፣ የደረሰው ይጨፍራል፣ የቀረው ያየዋል።»

«እንግዲህ ጠቡ ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ አይደለም፤ ጣታቸው ላይ ነው። ነገ እመጣለሁ። ሰሌዳህን ግን ቤት ተወው።»

ዓርብ ጠዋት ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ወይዘሮ አስካለ ባመጡት አዲስ የትራስ ልብስ ውስጥ ገቡ። ጋሽ ይልማ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «የመጨረሻው ሰው እስኪያወጣ ማንም አይከፍትም።» ቀጥለው፣ «መጀመሪያ ማውጣት የሚፈልግ?» አሉ። እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። «መጨረሻ መሆን የሚፈልግ?» እጅ ሁሉ ወረደ። ወደ ጣራው ማየት ጀመሩ። እኔ ያን ዝምታ ስለማውቀው አልፈራሁም፤ ሌሎቹ ግን ተቁነጠነጡ። በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለ፣ «በቃ እኔ ልሁን! ጥጡ ዝናብ እየገባበት ነው፤ እዚህ ቆሜ አልውልም» አሉ። ጋሽ ወልዴ ማንንም ሳይጠይቁ መጀመሪያ እጃቸውን ሰደዱ፤ ሌሎቹ እንደቆሙበት ተከተሉ። አሥራ ሁለት ጡጫ ተጨበጠ።

«ጋሽ ወልዴ ቀድመዋል፤ የቀደመ ዕድለኛ ነው ተብሏል» አሉ ጋሽ ይልማ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ ኋላ ቀርተዋልና ልካስዎት። ጋሽ ወልዴ የያዙትን ይውሰዱ፣ የእርስዎን ይስጧቸው።»

ወይዘሮ አስካለ የጋሽ ወልዴን ጡጫ አዩ። የራሳቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «አልሰጥም!»

«ለምን? የእርስዎ እኮ ትርፍራፊ ነው።»

«በሯ ብትሆንስ?»

«ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎስ?»

«የገዛ ዕጣዬን? ምን በወጣኝ!»

«እሺ፣ ከማንም ጋር መቀያየር የሚፈልግ አለ?» አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ብየዳ ሠራተኛው ወረቀቱን ሊበላው የተዘጋጀ ይመስል ወደ አፉ አስጠግቷል። «ተመልከቱ፤ የቀደመውም የዘገየውም የያዘውን አይለቅም» አሉ ጋሽ ይልማ። «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ያጣላችሁ ምን ነበር?»

ብየዳ ሠራተኛው ጭንቅላቱን አከከና፣ «ምንም፣ ጋሼ» አለ። «ክብር ነው መሰለኝ።»

«ክብር ከሆነማ ለሽማግሌ ስጡት። ከእጃችሁ ምንም አይጎድልም፤ ትላንትና መምህሩ በሰሌዳ አሳይቷችኋል።»

መጀመሪያ የሳቀው ሸረፋ ነው፤ ከዚያ ሼዱ በሙሉ። ወረቀቱ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። በሩ ላይ ያለችው ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ላልተናገረ ጫማ ሠሪ ደረሰች፤ ያኔም አልተናገረም። ጋሽ ወልዴ የሽንት ቤቷን አገኙ። ሁሉም ፊታቸውን ለማየት ዞረ። መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አነበቡና ደረታቸውን ነፉ። «ቢሆንም፣» አሉ፣ «መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ስንመለስ ልቤን የሚከነክነውን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ማረጋገጫ አይደለም። ሰው የያዘውን ስለማይለቅ ዕጣው እኩል ነው አይባልም።»

«አይባልም» አሉ ደስ ብሏቸው። «ማረጋገጫውን አንተ ሰጥተሃል፤ ከአንተ የተሻለ አልሰጥም። እኔ የጨመርኩት እጅ እስኪከፈት ያለውን ጊዜ ነው። እውነትህ የምትቀመጥበት ቦታ አልነበራትም።» ትንሽ ሄድ ብለው ቆሙ። «ለሸረፋ ንገረው፤ በየሁለት ዓመቱ ይድገሙት። ዕጣ አንዴ ሲጣል ዕድል ነው፤ ሲደጋገም ነው ፍትሕ የሚሆነው።»

እንግዲህ የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ከፈለገ ይፍረምበት። መደመርና ማባዛቱን ስልክ ይሠራልናል። ሂሳብ የሚጠቅመን መቅደም ከመዘግየት እንደማይሻል ሲነግረን ነው። ምንም የማያመጣውን ነገር ለማን እንስጠው የሚለው ግን የሂሳብ ጥያቄ አይደለም። እዚያ ላይ ሂሳብ ጠመኔውን አስቀምጦ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው መሆን ነው። ብዙ ፈላስፎች ይህን ድንበር ፍለጋ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ጋሽ ወልዴ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተቀምጠው ሱሪ ያሳጥሩበታል።

ዘንድሮ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሸረፋ ደወለ። «ቅዳሜ ዕጣ አለ። የምትጀምረው አንተ ነህ።»

«እኔ በሼዱ ምን ድርሻ አለኝ?»

«ዝም ብለህ ና።»

ስደርስ ጋሽ ይልማ ከወይዘሮ አስካለ ትራሶች አንዱ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። የትራሱ ልብስ ቀረበ። አሥራ ሦስት ወረቀት፤ አንዱ ለእኔ ሲባል የተጨመረ ባዶ ነው። የሂሳብ መምህርነቴ ተነሣብኝ። «ቆይ! ባዶው የእኔ ከሆነ ለብቻው ስጡኝ። ከሌሎቹ ከተቀላቀለ እኮ ባዶው ለሌላ ሰው ሊወጣ ይችላል!»

«አስበንበታል» አለ ሸረፋ። «ባዶ የወጣለት አንተ ያወጣኸውን ይወስዳል።» ቆሜ በልቤ አሰላሁት። ያው ከአሥራ ሁለት አንድ። የማንም ዕድል ፀጉር ታህል አልተነካም።

«በሯ ለእኔ ወጥታ አልሰጥም ብልስ?» አልኩ።

«ያን ጊዜ አንተ ትሰፋለህ፣» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ «እኔ ኤክስ እፈልጋለሁ።»

ሳቁ ሳይበርድ እጄን ሰድጄ አንዷን ወረቀት ያዝኩ። ተራው ዞሮ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ደረሰ፤ ዘንድሮም መጨረሻ ነበሩ፣ በፈቃዳቸው። ጋሽ ይልማ ከትራሱ ላይ ሆነው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«መምህር፣ ወይዘሮ አስካለ የያዙትን ልስጥህ፣ ያንተን ትሰጣቸዋለህ?»

ወረቀቶቹ ሁሉ እኩል እንደሆኑ በሰሌዳ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። በእጄ ያለው ምንም ቢሆን ቤቴ ይዤው የምገባ ክፍል የለም። ሁሉም ጡጫዬን ያያሉ። ጨበጥኩት።

«አልሰጥም!» አልኩ፤ ያ የጠፋው ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሼዱን ሞላው።